ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው
(ስለ መስማት መለኪያ መሣሪያዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን የሚለው ስለ አንድ ሰው የሚወራው ወሬ አገሩን ሁሉ አዳርሶ በመጨረሻ የሚደርሰው ለራሱ ለባለቤቱ መሆኑን ለማመልከት ነው። ነገር ግን ዛሬ ላነሣው ካሰብኩት ጉዳይ አንጻር ሲታይ ምሳሌው ሌላም እውነት ይዞ ይገኛል። ዓይኑ የደከመ ሰው ፊደሉ ሲደበዝዝበት ድካሙን ራሱ ያውቀዋል፤ ጆሮው የደከመ ሰው ግን የጎደለውን ድምፅ ከቶ ስላልሰማው መጉደሉን የሚያውቅበት መንገድ ጠባብ ነው። ሰዎች የሚያጉተመትሙ፣ ልጆች ቃላቸውን የሚውጡ፣ ሬዲዮኑም የተበላሸ ይመስለዋል። ድካሙ የመጣው ቀስ በቀስ እንደ ሆነ ደግሞ ዓመታት እስኪያልፉ ድረስ ላይነቃበት ይችላል። ስለዚህ ጆሮ ከባለቤቱ ቃል ሌላ ምስክር ያስፈልገዋል። ያም ምስክር የመስማት መለኪያ መሣሪያ ነው።

ነገሩ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ፣ በቅድሚያ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ላስታውስ። በአማርኛ «ሰማ» የሚለው ግሥ ድምፅ በጆሮው ገባ ማለት ነው፤ ታዘዘ፣ ምክርን ተቀበለ ማለትም ነው። «ይህ ልጅ አይሰማም» ሲባል የተነቀፈው ጆሮው ይሁን ጠባዩ ከቃሉ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። «ደንቆሮ» የሚለው ስም ጆሮው ለማይሰማ ሰው ሲነገር ኖሮ፣ «ድንቁርና» ግን አለማወቅ ማለት ሆኖ ቀርቷል። ቋንቋው ሁለቱን ነገሮች በአንድ ከረጢት ከቷቸዋል። ከዚህም የተነሣ በክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ መምህሩ ለጠየቀው መልስ ያልሰጠ ሕፃን ሰነፍ ይባላል፤ በመሥሪያ ቤት የአለቃውን ትእዛዝ አዛብቶ የፈጸመ ጸሐፊ ቸልተኛ ይባላል፤ የቤተ ሰቡን ጨዋታ መከተል ያቃታቸው አዛውንት ጃጁ ይባላሉ። ይህ ሁሉ ፍርድ ሲሰጥ የለካ ሰው የለም። የመሣሪያው ታላቅ አገልግሎት ይህን ፍርድ ከግምት አውጥቶ በቁጥር ላይ ማኖር ነው።

እንግዲህ ወደ መሣሪያዎቹ ታሪክ ልለፍ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በቀድሞው ዘመን ሐኪሞች መስማትን የሚፈትኑት እጃቸው ላይ በተገኘው ነገር ነበር። አንዱ የኪስ ሰዓቱን ከበሽተኛው ጆሮ እያራቀ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ የሚጠፋበትን ርቀት ይለካል፤ ሁለተኛው ከበሽተኛው ኋላ ቆሞ በሹክሹክታ ቃላት ይናገራል፤ ሦስተኛው ሳንቲም ከሳንቲም ጋር ያጋጫል። ነገር ግን የአንዱ ሐኪም ሰዓት ከሌላው ሰዓት ይልቅ ይጮኻል፤ የአንዱ ሹክሹክታ የሌላውን ንግግር ያህላል። ከሰው ሰው የሚለያይ ቁና ለእህል ገበያ እንደማይበጅ ሁሉ፣ ይህም ፈተና ዛሬ የተገኘውን ውጤት ከዓመት በኋላ ከሚገኘው ጋር ለማነጻጸር አይበጅም ነበር።

የተሻለው መሣሪያ የመጣው ከሙዚቀኞች ዘንድ ነው። በ1711 ጆን ሾር የተባለ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት መለከት ነፊ የሙዚቃ መሣሪያዎች ቃና የሚስተካከልበትን፣ ሹካ የሚመስል ባለ ሁለት ጣት ብረት ሠራ። ይህ የድምፅ ሹካ ሲመታ ይንዘረዘርና ሁልጊዜ አንድ ዐይነት ቃና ይሰጣል። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለት የጀርመን ሊቃውንት፣ ኤርንስት ሃይንሪሽ ዌበር በ1834፣ ሃይንሪሽ አዶልፍ ሪነም በ1855፣ ይህ ሹካ ስለ ጆሮ ምን ሊነግር እንደሚችል ጻፉ።

የሪነ ፈተና እንደሚከተለው ነው። ድምፅ ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው በአየር በኩል በጆሮ ቀዳዳና በጆሮ ታምቡር አልፎ፣ ሁለተኛው በራስ ቅል አጥንት በኩል። ሐኪሙ የሚንዘረዘረውን ሹካ እግር ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ ያቆመዋል። በሽተኛው ድምፁ እንደ ጠፋበት ሲናገር የሹካውን ጣቶች ወደ ጆሮው ቀዳዳ ያቀርባቸዋል። ጤነኛ ጆሮ የጠፋውን ድምፅ እንደገና ይሰማዋል፤ የአየሩ መንገድ ከአጥንቱ መንገድ ይበልጣልና። እንደገና ያልሰማው እንደ ሆነ ግን እንቅፋቱ ያለው በመንገዱ ላይ፣ ማለት በኩክ መደፈን፣ በታምቡር መቀደድ፣ ወይም ከታምቡር ኋላ በተጠራቀመ ፈሳሽ መሆኑን ያመለክታል። እንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ ሊታከም የሚችል ነው። የዌበር ፈተና ደግሞ ሹካውን በግንባር መካከል አቁሞ ድምፁ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ማዘንበሉን መጠየቅ ነው። ሁለቱም ፈተናዎች እስከ ዛሬ ድረስ በጆሮ ሐኪሞች ዘንድ ይሠራባቸዋል።

ሹካው ሕመሙ የት እንዳለ ቢጠቁምም፣ ምን ያህል እንደ ሆነ ግን በቁጥር አይናገርም። ደግሞም የሰው ጆሮ የሚሰማው አንድ ቃና ብቻ አይደለም። ጤነኛ ወጣት በሰከንድ 20 ጊዜ ከሚንዘረዘረው ወፍራም ድምፅ ጀምሮ 20,000 ጊዜ እስከሚንዘረዘረው ቀጭን ድምፅ ድረስ ይሰማል። የዚህን የላይኛውን ወሰን ለመመርመር እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1876 ርዝመቷ የሚስተካከል ትንሽ ፉጨት ሠራ። ፉጨቷን በከዘራው ጫፍ ላይ አስገጥሞ በእንስሳት ማሳያ ሥፍራ እየዞረ አውሬዎቹ ጆሯቸውን ማቆማቸውን ይመለከት እንደ ነበር ራሱ ጽፏል። በሰዎችም ላይ ሲሞክራት ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ወጣቶች በግልጽ የሚሰሙትን ቀጭን ድምፅ ጨርሶ እንደማይሰሙ ተገነዘበ፤ አንዳንዶቹም ይህን ጉድለታቸውን ሲረዱ አይወዱም ነበር ይላል።

የመለኪያው ሥራ እውነተኛ እርምጃ ያደረገው ግን ቴሌፎን ከተፈለሰፈ በኋላ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል በሽቦ ውስጥ ሊጨመርና ሊቀነስ ስለሚችል፣ ከዚያ የሚወጣውም ድምፅ እንደ ልብ ሊጨመርና ሊቀነስ ቻለ። ዴቪድ ኤድዋርድ ሂውዝ በ1879 በአንድ ባለ ቁጥር ዘንግ ጫፍና ጫፍ ሁለት የሽቦ ጥቅሎችን አቆመ፤ በመካከላቸውም ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትና ከቴሌፎን ማዳመጫ ጋር የተያያዘ ሦስተኛ ጥቅል አስገባ። የሁለቱ ጥቅሎች ኃይል እኩል በሚሆንበት ነጥብ ላይ ኃይላቸው እርስ በርሱ ይጣፋና ማዳመጫው ዝም ይላል፤ ተንሸራታቹ ከዚያ ነጥብ በራቀ መጠን ድምፁ ይጎላል። ተፈታኙ ድምፁን መስማት የጀመረበት ቁጥር ይጻፋል። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ሐኪም ቤንጃሚን ዋርድ ሪቻርድሰን በዚህ መሣሪያ ሰዎችን መርምሮ ውጤቱን አቀረበ። «ኦዲዮሜትር»፣ ማለት የመስማት መለኪያ፣ የሚለው ስምም በዚሁ ጊዜ ገባ።

ቴሌፎንን በመፈልሰፍ የታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ራሱ ለዚህ ጉዳይ ሩቅ ሰው አልነበረም። እናቱ ለመስማት ይቸገሩ ነበር፤ ሚስቱም በሕፃንነቷ በበሽታ ምክንያት መስማት የተሳናት ነበረች፤ እርሱም ራሱ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች መምህር ነበር። ዛሬ የድምፅ መጠን የሚለካበት «ዴሲቤል» ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው፤ የ«ቤል» አንድ ዐሥረኛ ማለት ነው። በዚህ አቆጣጠር 10 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል በ10 ይባዛል። ቀስ ያለ ሹክሹክታ ወደ 30፣ ተራ ንግግር ወደ 60 ዴሲቤል ይደርሳል። ስለዚህ የንግግሩ ኃይል የሹክሹክታውን አንድ ሺህ ጊዜ ያህላል ማለት ነው። ጆሮ ይህን ሁሉ ልዩነት ያለ ችግር መቀበሉ ከፍጥረት ድንቆች አንዱ ነው።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የቴሌፎን መሣሪያ ይሠራ የነበረው ዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ የተለያዩ ቃናዎችን በኤሌክትሪክ አምፖል የሚያወጣ ኦዲዮሜትር አቀረበ። በሥራው ላይ የኩባንያው ተመራማሪ ሃርቪ ፍሌቸርና የኒው ዮርኩ የጆሮ ሐኪም ኤድመንድ ፋውለር ዋና ተካፋዮች ነበሩ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ ለትምህርት ቤት የተሠራው መሣሪያ ነው። አንድ ግራሞፎን እስከ 40 ከሚደርሱ የቴሌፎን ማዳመጫዎች ጋር ይያያዛል። ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው ማዳመጫ በጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ፤ በሸክላው ላይ የተቀረጸ ድምፅ ቁጥሮችን ይጠራል፤ ድምፁም ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ይሄዳል። ልጆቹ የሰሙትን ቁጥር በወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ ቀጥሎም ሌላው ጆሮ እንዲሁ ይፈተናል። ወረቀቱ ሲታረም የእያንዳንዱ ልጅ ጆሮ የቆመበት ደረጃ ይታወቃል።

አስቡት፤ በዚህ ፈተና መምህሩ ልጁ ሰነፍ ነው ወይስ ጎበዝ ነው ብሎ የሚፈርድበት ቦታ የለም። ለአንድ ክፍል ልጆች በሙሉ አንድ ሸክላ ይጮኻል፣ አንድ ቁና ይሰፈራል። ፋውለርና ፍሌቸር በ1926 ባሳተሙት ጽሑፍ በአሜሪካ 3 ሚሊዮን ያህል የትምህርት ቤት ልጆች የመስማት ጉድለት እንዳለባቸው ገመቱ። በክፍል ውስጥ ሳይታወቁ የተቀመጡ ልጆች መኖራቸውን ለሕዝብ ያሳወቀው ይህ መሣሪያ ነው።

አድማጮቼ ምናልባት «ይህ ሁሉ ቁጥር የሚጀምረው ከየት ነው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በመስማት መለኪያ ላይ ዜሮ ማለት ድምፅ የለም ማለት አይደለም፤ ጤነኛ ጆሮ ያላቸው ወጣቶች በጸጥታ ውስጥ ሊሰሙት የሚችሉት እጅግ ዝቅተኛው ድምፅ ማለት ነው። በሰከንድ 1,000 ጊዜ ለሚንዘረዘር ድምፅ ይህ መጠን ከአየሩ ግፊት አምስት ቢሊዮንኛውን ብቻ ያህላል። ዜሮው እንግዲህ ሰዎች ለክተው የተስማሙበት ነው። ስምምነቱም በቀላሉ አልተገኘም። አሜሪካኖች በ1935ና በ1936 ባደረጉት የሕዝብ ጤና ምርመራ ላይ ተመሥርተው በ1951 አንድ ደረጃ አወጡ። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ግን በጥንቃቄ የተመረጡ ወጣቶችን በፍጹም ጸጥታ ሲለኩ ከዚያ በ10 ዴሲቤል ያህል ያነሰ ድምፅ እንደሚሰሙ አገኙ። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1964 አንድ ዜሮ እስኪወስን ድረስ የአንድ ሰው ጆሮ በአንድ አገር መሣሪያ 15፣ በሌላው አገር መሣሪያ 25 ሊባል ይችል ነበር። ጆሮው ሳይለወጥ መዝገቡ ተለወጠ ማለት ነው። ካሣ፣ ጡረታ፣ የሥራ ቅጥር የሚወሰነው በመዝገብ በመሆኑ፣ ይህ ስንት ሰው እንደሚነካ ለመሥሪያ ቤት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

በዛሬው ጊዜ ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ልግለጽ። ተመርማሪው የውጭ ድምፅ በማያስገባ ትንሽ ክፍል ውስጥ ይቀመጥና ማዳመጫ ያደርጋል። መርማሪው ከ250 እስከ 8,000 ንዝረት ያሉትን ቃናዎች አንድ በአንድ ያሰማዋል፤ ተመርማሪው በሰማ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል ወይም እጁን ያነሣል። ሲሰማ ድምፁ በ10 ዴሲቤል ይቀነሳል፤ ሳይሰማ ሲቀር በ5 ይጨመራል። በዚህ አኳኋን ከተሰጡት ድምፆች ቢያንስ ግማሹን የሚሰማበት ዝቅተኛ ደረጃ ይገኛል። ውጤቱም ኦዲዮግራም በሚባል ሠንጠረዥ ላይ ይሠፍራል፤ ቀኝ ጆሮ በቀይ ክብ፣ ግራ ጆሮ በሰማያዊ የመስቀለኛ ምልክት። ዜሮው ከላይ ስለ ሆነ መሥመሩ ወደ ታች በወረደ መጠን ጉድለቱ ይበልጣል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው አመዳደብ በደህነኛው ጆሮ አማካይ ውጤቱ ከ20 ዴሲቤል በታች የሆነ ሰው ጤነኛ ሰሚ ነው፤ ከ20 እስከ 35 ድረስ ቀላል ጉድለት ይባላል፤ ከ80 በላይ ያለው እጅግ ከባድ ነው።

የሠንጠረዡ ቅርጽ ደግሞ ከቁጥሩ የበለጠ የሚያስተምርበት ጊዜ አለ። የአናባቢዎች ድምፅ ወፍራምና ጉልህ ነው፤ ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ትን የመሳሰሉት ግን ቀጭንና ደካማ ናቸው። ዕድሜ ወይም የፋብሪካ ጩኸት በመጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኖቹን ነው፤ በጩኸት የተጎዳ ጆሮ በ4,000 ንዝረት አካባቢ ጎድጎድ ያለ መሥመር ያሳያል። እንዲህ ያለው ሰው «ድምፁን እሰማለሁ፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም» ይላል። «ሰማ» ሲሉት «ሸማ»፣ «ሠሪ» ሲሉት «ፈሪ»፣ «ሰፋ» ሲሉት «ጠፋ» ሊመስለው ይችላል። ቢጮኹበትም ይበልጥ የሚጎላው አናባቢው ስለ ሆነ እምብዛም አይጠቅመውም፤ ፊት ለፊት ቆሞ ቀስ ብሎ መናገር ይሻላል። ቃላትን በማሰማት የሚደረገው ምርመራም በተመርማሪው አፍ መፍቻ ቋንቋ መሆን የሚገባው ስለዚህ ነው። በእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር የአማርኛ ተናጋሪን ጆሮ መፈተን ጆሮውን ሳይሆን እንግሊዝኛውን መፈተን ይሆናል።

እስካሁን የጠቀስኳቸው መሣሪያዎች ሁሉ ተመርማሪው «ሰማሁ» እንዲል ይጠብቃሉ። በሃንጋሪ የፖስታ መሥሪያ ቤት የቴሌፎን ምርመራ ክፍል ሥራውን የጀመረው ጆርጅ ፎን ቤኬሺ በ1947 ተመርማሪው ራሱ ቁልፍ እየተጫነ ድምፁን የሚያወጣበትንና የሚያወርድበትን፣ መሣሪያውም ራሱ መሥመር የሚሥልበትን ኦዲዮሜትር አቀረበ። ይኸው ሰው ስለ ውስጠኛው ጆሮ አሠራር ላደረገው ምርምር በ1961 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ነገር ግን ገና የተወለደ ሕፃን ቁልፍ አይጫንም። ለእርሱ መፍትሔ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። በ1970 ዶን ጁዌትና ባልደረቦቹ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ከአንጎል ሥር የሚነሣውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቆዳ ላይ መመዝገብ እንደሚቻል አሳዩ። በ1978 ደግሞ እንግሊዛዊው ዴቪድ ኬምፕ ጤነኛ የውስጥ ጆሮ ድምፅ ሲገባበት እርሱም በተራው ደካማ ድምፅ እንደሚመልስ ገለጠ። በዚህ ግኝት መሠረት በተሠራው መሣሪያ ትንሽ ማይክሮፎን ያለባት ጫፍ በተኛ ሕፃን ጆሮ ውስጥ ትገባለች፤ ምልሱ ከተሰማ ጆሮው ደኅና ነው፤ ካልተሰማ ሌላ ምርመራ ይደረጋል። ሕፃኑ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት ጆሮው ስለ ራሱ መሰከረ ማለት ነው። በብዙ አገሮች ይህ ምርመራ ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደረጋል፤ ንግግር የሚለመደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለ ሆነ ጊዜው ካለፈ የሚጎዳው ጆሮ ብቻ አይደለምና።

መሣሪያ ግን ሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም። በየጊዜው ያልተስተካከለ ኦዲዮሜትር እንደ ተበላሸ ሚዛን ነው፤ ጩኸት ባለበት ክፍል የተደረገ ምርመራም ጤነኛውን ሕመምተኛ ያስመስላል። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚደረጉት ፈተናዎች ለመጠቆሚያ ያህል ቢጠቅሙም የሐኪምን ምርመራ አይተኩም። ከሁሉም በላይ ደግሞ መሣሪያው የሚለካው ጆሮን እንጂ አእምሮን አይደለም። መሥመሩ ከሠንጠረዡ ግርጌ የወረደ ሰው በምልክት ቋንቋ ተምሮ ሊቅ ሊሆን ይችላል።

የዓለም የጤና ድርጅት በዚያው በ2021 እንዳስታወቀው ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ከቀላል እስከ ከባድ የመስማት ጉድለት አለባቸው፤ በልጆች ላይ ከሚደርሰውም 60 በመቶ ያህሉ ሊከላከሉት የሚቻል ነው። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ስድስት ወር ሞልቶት ድምፅ ወደ መጣበት ፊቱን የማያዞር፣ ጆሮው መግል የሚያወጣ፣ ወይም ከማጅራት ገትር በሽታ የዳነ ልጅ ካላችሁ ሳትዘገዩ አስመርምሩ። ኩክ ለማውጣት ብላችሁ በጆሮ ውስጥ እንጨት አታስገቡ። መምህራን ሆይ፣ ሰነፍ ያላችሁትን ተማሪ አስቀድማችሁ ወደ ፊተኛው ወንበር አምጡት፤ ቀጥሎም ወደ ሐኪም እንዲላክ አድርጉ። የመሥሪያ ቤት አለቆችም፣ ትእዛዝ ደጋግሞ ያዛባን ሠራተኛ ደመወዝ ለመቅጣት ከመጻፋችሁ በፊት ጆሮውን እንዲያስመረምር ብትመክሩት አንድ ቀን ብቻ ይፈጃል።

ያለ ምስክር መፍረድ በሸንጎ የተነቀፈ ነገር ነው። በጆሮም ነገር ምስክሩ ስላለ፣ ከመፍረዳችን በፊት እርሱን እንጥራ።